ምዕራፍ 7፦ አዲስ እርከን ወይስ የተናደው?

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ሁልጊዜ የሚከራከሩበት አንድ ጉዳይ አለ። ሰውም ጊዜም ውሱን ነውና ቀጥሎ ምን ይሠራ? ሶፍትዌሩ እስከ ዛሬ የማያውቀው አዲስ አገልግሎት ይጨመርለት? ወይስ ያለው ይስተካከል፤ ስህተቱ ይታረም፣ የሚንቀራፈፈው ይፍጠን፣ የሚያደናግረው ገጽ ይቅለል፣ የተዝረከረከው ኮድ መልክ ይያዝ? ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከዚህ በኋላ በአጭሩ «ማጥራት» እንለዋለን።

በምዕራፍ 3 እንዳየነው ክፍት ምንጭ ሲባል ኮዱ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የተጻፈው ትእዛዝ፣ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያነበዋል፣ ያርመዋል፣ አባዝቶ ለሌላው ይሰጣል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ጸሐፊዎቹን አውቀናል፤ ደመወዝ የሚከፈለው አለ፣ ተማሪ አለ፣ ከሥራ መልስ ማታ ማታ የሚሠራም አለ። ክርክሩ የእነሱ ብቻ ቢመስልም ውጤቱ እኛ ቤት ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ላይ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ያወጣ ሰው የተመዘገበበት ሥርዓት የተገነባው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ባንጋሎር ውስጥ ካለ የቴክኖሎጂ ተቋም በወጣ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ላይ ነው። የጤና ተቋማት የወር ሪፖርት የሚሄደው ዲኤችአይኤስ 2 በሚባል ሌላ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ነው። የአንድሮይድ ስልክ ሆድ ዕቃው ሊኑክስ ነው። እነዚህን የሚሠሩ ሰዎች «በዚህ ዓመት አዲስ ነገር እንጨምር» ወይም «በዚህ ዓመት ያለውን እናጥራ» ባሉ ቁጥር፣ ወረፋ ይዞ የሚጠብቀው ሰው አንዱን ወይም ሌላውን ያገኛል።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሶፍትዌሩ ከሚሠራበት አገር ርቆ ለሚኖር፣ ኔትወርክ እየመጣ እየሄደ ለሚጠቀም እንደ እኛ ላለ ሰው ማጥራት ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። ይህ እምነት የማይሠራበት ጊዜም አለ፤ እሱንም በቦታው እናየዋለን።

ካብ ብቻ አይደለም የሚጨመረው

ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። መንገዱ መጀመሪያ ገብስና በግ በሞላበት ሜዳማ ደጋ ይሄድና፣ መሬቱ ድንገት አልቆ ቁልቁለቱ ወደ ቆላው ይወርዳል። እንዲህ ባለ ተዳፋት ላይ ለሚያርስ ሰው አፈሩን የሚያቆይለት እርከን ነው። ሰብል ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ፣ በጥርና በየካቲት፣ ገበሬው ዶማና አካፋውን ይዞ በነጻ ጉልበቱ ለተፋሰስ ልማት መውጣቱ በሰሜን ሸዋም እንደ ሌላው የአማራ ክልል የተለመደ ነው። ዘመቻው ሲያልቅ ሪፖርት ላይ የሚገባው አዲሱ ነው፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ይባላል።

እርከን ግን ተሠርቶ አያልቅም። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያመጣው ደለል ከካቡ ጀርባ ይሞላል፤ ካቡ በየጊዜው ከፍ ካልተደረገ ውሃው በላዩ ይዘላል። ከብት ይረግጠዋል። አይጥ ውስጡን ይቦረቡረዋል። ከላይ አንድ ቦታ ሲሸነቆር ደግሞ ጉዳቱ እዚያው አይቀርም። በእርከኑ ሙሉ ርዝመት የታቆረው ውሃ በአንዲቱ ሽንቁር ተሰብስቦ ይወጣል፤ የታችኛውን ካብ ይመታል፤ እሱም ይናዳል፤ ከሱ በታች ያለው ይቀጥላል። እርከን ባይኖር ተበትኖ ይወርድ የነበረ ውሃ፣ እርከን በመኖሩ ተጠራቅሞ ቦረቦር ይቆርጣል። ስለዚህ አዲስ እርከን የሠራ ሰው ሁለት ነገር ጨምሯል፤ አንዱ የሚጠቅም ካብ ነው፣ ሌላው በየክረምቱ ሊጠበቅ የሚገባው ተጨማሪ ርዝመት ነው። የመጀመሪያው በሪፖርት ይታያል፤ ሁለተኛው አይታይም።

ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ አንዲት ጥድ በሚባል ቦታ፣ በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ አለ። ጣቢያው ዝናቡን፣ ጎርፉንና ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ለብዙ ዓመታት ለክቷል። እዚህ ላይ ልብ እንድንል የምፈልገው የሚለካውን ነገር ነው። ስንት ሜትር ካብ እንደቆመ መቁጠርና ከማሳው ምን ያህል አፈር እንደወጣ መለካት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሶፍትዌርም ላይ አብዛኛው ሰው የሚቆጥረው የመጀመሪያውን ነው።

አዲስ አገልግሎት እንዴት ርዝመት እንደሚጨምር ላስረዳ። አንድ ሶፍትዌር ሰንጠረዥ ብቻ ያሳይ ነበር እንበል። አሁን ካርታም እንዲያሳይ ተደረገ። ከዛሬ ጀምሮ ሰንጠረዡን የሚነካ ማንኛውም ለውጥ ካርታውን እንዳላበላሸ መታየት አለበት። ካርታው በስልክም በኮምፒውተርም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ኔትወርክ ሲኖርም ሲጠፋም መሞከር አለበት። ነገ የሕትመት አገልግሎት ሲጨመር ደግሞ ካርታው ሊታተም ይገባል፤ ሰንጠረዡም እንዲሁ። አገልግሎቶቹ እርስ በርስ ስለሚነካኩ መሞከር ያለበት ነገር ከአገልግሎቶቹ ብዛት ፈጥኖ ያድጋል። አዲሱን የጻፈው ሰው ምናልባት በዓመቱ ሌላ ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ የጻፈው ኮድ ግን እዚያው ነው።

ጥቅምት 30

ዲኤችአይኤስ 2 የጤና መረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ነው። ሥሩ አፓርታይድ ካበቃ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ የዛሬውን ሶፍትዌር የሚመራው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የእኛም ጤና ሚኒስቴር ከ2010 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አገር አቀፍ የሪፖርት መሣሪያው አድርጎታል። በየጤና ጣቢያው ሪፖርቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሠራተኞች አሉ።

ወደ ሶፍትዌሩ ቅንብር ብንገባ የዘመን አቆጣጠር የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ከዝርዝሩ ውስጥ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ይገኛል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ውድ ሶፍትዌሮች የማይሰጡት ነው። አገልግሎቱ አለ፤ ምልክቱ ተደርጓል። አሁን የማጥራቱ ሥራ ከየት እንደሚጀምር እንይ።

ጥቅምት ሁለተኛው ወራችን ነው። ጥቅምት 30 በየዓመቱ አለች። አንድ ሠራተኛ 30/02/2016 ብሎ ሲጽፍ፣ ከሥር ያለው ኮድ ሁለተኛ ወር ማለት የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ካሰበ፣ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ይመልስበታል። መልሱ ለሠራተኛው ትርጉም የለውም፤ ቀኑማ ትናንት ነበር። በተቃራኒው ያው ኮድ መስከረም 31ን ያለ አንዳች ጥያቄ ይቀበላል፤ ፈረንጆቹ በመጀመሪያ ወራቸው 31 ቀን አላቸውና። ጳጉሜን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር ናት፤ የወር ምርጫው በ12 ሳጥን ብቻ ከተሠራ መግቢያ የላትም።

ነገሩ ከቀን መጻፍ አልፎ ይሄዳል። የጤና ተቋማት የወር ሪፖርት ከወሩ 21 ተነሥቶ በቀጣዩ ወር 20 ይዘጋል። የመስከረም ሪፖርት ነሐሴ 21 ተጀምሮ መስከረም 20 ሲያልቅ ጳጉሜን በመካከሉ ትወድቃለች፤ ስለዚህ ሪፖርቱ የ35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ የ36 ቀን ነው። የሌሎቹ ወሮች 30 ቀን ነው። ሶፍትዌሩ ይህን ሳያውቅ ግራፍ ቢስል በመስከረም የታካሚው ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል። የጨመረው ግን በሽታ ላይሆን ይችላል፤ አምስት ቀን ነው። የጠራ ሶፍትዌር ድምሩን ለቀኑ ብዛት አካፍሎ ያሳያል፣ ወይም ቢያንስ «ይህ ወር 35 ቀን አለው» ብሎ ከግራፉ ሥር ይጽፋል። ወረዳ ላይ ተቀምጦ መድኃኒት ለሚያከፋፍል ሰው ይህች አንዲት መስመር ከአዲስ የግራፍ ዓይነት ትበልጥበታለች።

የእርከኑ ርዝመት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። የዘመን አቆጣጠሩ አንድ ገጽ ላይ በትክክል ቢሠራ እንኳ፣ ነገ አዲስ የምዝገባ ገጽ ሲጻፍ፣ ከነገ ወዲያ የስልክ አፕ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ ቀን የሚጻፍበት ሳጥን እንደገና ጥቅምት 30ን መማር አለበት። አሮጌው ገጽ ያውቃል፣ አዲሱ አያውቅም። ኋላ ላይ የኦስሎዎቹ ባለሙያዎች የቀን ስሌቱን ከየገጹ አውጥተው ሁሉም በሚጠራው አንድ የጋራ ኮድ ውስጥ አስቀመጡት፤ የእኛም የኔፓልም አቆጣጠር በዚያው ይሰላል። ለተጠቃሚው አዲስ ቁልፍ አልወጣለትም፣ አዲስ ገጽ አልታየውም። ሥራው ግን ከብዙ አዲስ ገጾች ይበልጣል፤ አንድ ቦታ ሲታረም ሁሉም ጋ ይታረማልና።

አዲሱ ለምን ያሸንፋል?

ማጥራት ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል? ሰነፍ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም።

አንደኛው ምክንያት አዲስ ነገር ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ጠያቂው ይታወቃል፣ የሚመረቅበት ቀን ይታወቃል፣ ገንዘብ የሰጠው ድርጅት በሪፖርቱ ስሙን ጠቅሶ ይጽፈዋል። የማጥራት ሕመም ግን ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ የሚደርስ ነው። ገጹ ለመከፈት 20 ሰከንድ ቢፈጅ አንድ ሰው 20 ሰከንድ ብሎ አቤት አይልም። በአገሩ ሁሉ ያሉ ሠራተኞች በየቀኑ የሚያጡት ጊዜ ሲደመር ግን ብዙ ነው፤ የሚደምረው ሰው ግን የለም።

ሁለተኛው የተጠቃሚው ብልሃት ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ ሊጤን የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ሰው የተበላሸ መሣሪያን ይለምደዋል። ቀኑን አልቀበል ሲለው በደብተር ጽፎ ያቆየዋል፤ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይሮ ያስገባል፤ ገጹ ሲደርቅበት ዘግቶ መክፈትን ይማራል፤ አዲስ የመጣውንም ባልደረባ «እዚህ ጋ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ንካው» ብሎ ያስተምረዋል። ለባለጉዳዩ ደግሞ ሁላችንም የምናውቃት መልስ አለች፤ «ሲስተም የለም»። በዚህ መንገድ ስህተቱ ወደ ሠሪዎቹ ጆሮ ሳይደርስ በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይቀራል። ከሩቅ ሲታይ ሁሉ ነገር እየሠራ ነው፤ ሪፖርቱ በሰዓቱ ደርሷል።

ሦስተኛው የክፍት ምንጭ ጠባይ ነው። በድርጅት ውስጥ አለቃ «በዚህ ወር ማንም አዲስ ነገር እንዳይጨምር፣ ሁሉም ስህተት ያርም» ማለት ይችላል። በክፍት ምንጭ ዓለም ብዙው ሰው የሚሠራው እሱን የቸገረውን ነው። ኦስሎ ያለ ፕሮግራመር በሕይወቱ ጥቅምት 30 ብሎ የሚጽፍበት አጋጣሚ የለውም፤ ችግሩ እሱን አይነካውም። ለአዲስ ገቢ ደግሞ ከዳር ሆኖ አዲስ ክፍል መጨመር፣ መሐል ገብቶ ሌላ ሰው የጻፈውን ከማስተካከል ይቀላል። ለማጥራት አሮጌው ኮድ ለምን እንዲያ እንደተጻፈ መረዳት ያስፈልጋል። ይህ ወራት ይወስዳል፤ በወራቱ መጨረሻ የሚታየው ውጤት ደግሞ «አሁን አይበላሽም» የሚል ብቻ ነው።

በአንዲት ሽንቁር

ይህ ሁሉ የምቾት ጉዳይ ለሚመስለው ሰው የኦፕንኤስኤስኤልን ታሪክ መንገር ይበቃል። ኦፕንኤስኤስኤል በኢንተርኔት ላይ የሚተላለፈውን መረጃ፣ የይለፍ ቃሉንም የባንኩንም፣ ሌላ ሰው እንዳያነበው የሚቆልፍ ክፍት ምንጭ ኮድ ነው። የዓለም ድረ ገጾች ትልቁ ክፍል ተደግፎት ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2012 በወጣው እትሙ አንድ አዲስ አገልግሎት ተጨመረ። ሁለት ኮምፒውተሮች ግንኙነታቸው እንዳልተቋረጠ የሚጠያየቁበት ዘዴ ነው። አንዱ «እዚያ ነህ? ካለህ ይህን ቃል መልስልኝ፤ ርዝመቱም ይህን ያህል ነው» ይላል፤ ሌላው ቃሉን ይመልሳል። ጉድለቱ የተነገረው ርዝመት ከቃሉ እውነተኛ ርዝመት ጋር መግጠሙ አለመመርመሩ ነበር። ሦስት ፊደል ልኮ «ርዝመቱ ከ60 ሺህ በላይ ነው» ላለ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ከሦስቱ ፊደል ቀጥሎ በማስታወሻው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ አከታትሎ ይሰጠዋል። በዚያ ውስጥ የሌላ ሰው የይለፍ ቃል ሊኖር ይችላል፤ የመቆለፊያው ቁልፍ ራሱም ሊኖር ይችላል። ስህተቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍት ቆይቷል ማለት ነው። ሀርትብሊድ ተባለ። እርምቱ ርዝመቱን የሚያመሳክር አጭር ኮድ ነበር።

ኮዱ ለዓለም ክፍት ሆኖ ሳለ እንዴት ማንም አላየውም? ሁሉም ሊያነበው የሚችለውን ነገር የማንበብ ግዴታ ያለበት ሰው ስላልነበረ ነው። ያን ሁሉ ኢንተርኔት ለተሸከመው ፕሮጀክት ሙሉ ጊዜውን የሰጠው ሰው ከአንድ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በዓመት የሚሰበስበው መዋጮም ወደ 2,000 ዶላር ግድም ነበር። ከአደጋው በኋላ ሊኑክስ ፋውንዴሽን ትልልቅ ኩባንያዎችን አሰባስቦ እንዲህ ላለ ኮድ እንክብካቤ ገንዘብ ማቅረብ ጀመረ። ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው ሌላ ቡድን ደግሞ የኮዱን ቅጂ ወስዶ በራሱ መንገድ ማስቀጠል መረጠ፤ የመጀመሪያ ሥራውም መቀነስ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ወደ 90,000 መስመር ኮድ አወጣ። ማንም የማይጠቀምበትን አገልግሎት ማስወገድ ከማጥራት ሁሉ ደፋሩ ነው፤ የሚጠበቀው ርዝመት ያጥራልና።

ጊዜን መክፈል

አዲሱ በተፈጥሮው የሚያሸንፍ ከሆነ «ማጥራትም አይረሳ» ብሎ መማጸን አይበቃም። የቆዩ ፕሮጀክቶች ያገኙት መፍትሔ ጊዜውን ራሱን መክፈል ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስ አዲስ እትም የሚያወጣው በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሩ ክፍት ነው፤ አዲስ ነገር ያለው ሁሉ በዚያ ጊዜ ያስገባል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። የቀሩት ሰባት ስምንት ሳምንታት ለማረም ብቻ ናቸው፤ በየሳምንቱ አንድ የሙከራ እትም ይወጣል፣ ሰው ይሞክረዋል፣ የተሰበረው ይጠገናል። ሁለት ሳምንት ካብ፣ ሰባት ወይም ስምንት ሳምንት ጥገና ማለት ነው። ዘዴውን የሚያዘልቀው የዙሩ ማጠር ይመስለኛል። ዘንድሮ ያልገባ ነገር ሦስት ዓመት ይጠብቃል ቢባል ሁሉም በበሩ ይጋፋል፤ ጥሬውንም ይዞ ይገባል። ቀጣዩ በር ከሁለት ወር በኋላ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው ግን ሥራውን አብስሎ ለመምጣት ትዕግሥት ያገኛል።

ሊብረኦፊስ፣ ደብዳቤና ሰንጠረዥ የሚሠራበት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር፣ ሌላ መንገድ ይዟል። ለዓመታት ሁለት እትሞችን ጎን ለጎን ሲያወጣ ኖሯል፤ አንዱ አዲሱን ሁሉ የያዘ፣ ሌላው ከሱ በፊት የነበረና ስህተቱ ብቻ ሲታረም የከረመ። አዲሱን ለመሞከር የቸኮለ የመጀመሪያውን ይወስዳል፤ ቢሮ ያለው፣ በተለይ ብዙ ኮምፒውተር የሚያስተዳድር ሰው፣ ሁለተኛውን ይወስዳል። ለወረዳ ጽሕፈት ቤትና ለትምህርት ቤት የምመክረው ሁልጊዜ ሁለተኛውን ነው። የዚሁ ፕሮጀክት ሰዎች የሠሩት አንድ የማጥራት ሥራ ደግሞ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ሶፍትዌሩ የተወለደው ጀርመን ውስጥ ስለሆነ በኮዱ መሐል ከነበሩት ማስታወሻዎች ብዙዎቹ በጀርመንኛ ነበሩ። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት እየተቀባበሉ ወደ እንግሊዝኛ መለሷቸው። ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ምንም ለውጥ አላየም። ኮዱን ማንበብ የሚችለው ሰው ግን በዛ።

ማጥራት የማይበቃበት ጊዜ

አሁን ወደ ተቃራኒው እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአገራችን የግዕዝ ፊደል የሚጽፉ ሶፍትዌሮች ጥቂት አልነበሩም፤ ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝን የማያስታውስ የቢሮ ሠራተኛ የለም። ሠሪዎቻቸው ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ አማርኛን ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ያሻገሩት እነሱ ናቸው። ፊደላቸው ያምር ነበር፣ ሕትመታቸውም ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ፊደል የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ደግሞ የራሱን ቁጥር መድቦ ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ አዲስ አበባ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል።

ይህን ችግር የትኛውም ማጥራት አይፈታውም ነበር። የፊደሉን ቅርጽ ቢያሳምሩት፣ አጻጻፉን ቢያፋጥኑት ደብዳቤው አሁንም አይነበብም። የሚያስፈልገው ፈጽሞ አዲስ ነገር ነበር፤ ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የጋራ የቁጥር አመዳደብ። ዩኒኮድ የሚባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1999 ባወጣው ሦስተኛ እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን አስገባ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጓቸው ፊደላት ተጨመሩ።

ስለዚህ መለያው ጥያቄ ይህ ነው፤ በእጃችን ያለው ነገር እስከ መጨረሻው ቢጠራ ችግሩ ይፈታል? የሚፈታ ከሆነ እናጥራው። የማይፈታ ከሆነ አዲስ ያስፈልጋል። እርከን በሌለበት ተዳፋት ላይ የሚጠገን የለም። በዩኒኮድ ጊዜም ቢሆን ካቡ ከቆመ በኋላ ጥበቃው ረጅም ሆኗል። ቁጥሩ ተሰጠ፤ ከዚያ ፊደሉን የሚያሳይ የጽሑፍ ቅርጽ ያስፈልጋል፣ እንደ አቢሲኒካ ያሉ በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ቅርጾች ያንን ሞሉ። ከዚያ የቁልፍ ሰሌዳ። ከዚያ በሀሁ ቅደም ተከተል መደርደር። ከዚያ ፍለጋ፤ እዚህ ላይ ገና ነን።

ከደብረ ብርሃን የሚሠራ ሥራ

የከተማዋን ስም ሰው ብርሃን ብሎም፣ ብርሀን ብሎም፣ ብርሐን ብሎም ይጽፈዋል። ለአንባቢ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ነገሩ የታካሚ ስም ላይ ሲደርስ ይከፋል። ባለፈው ዓመት ዓለሙ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ዛሬ አለሙ ተብሎ ሲፈለግ አይገኝም፤ አዲስ ካርድ ይወጣለታል፤ የቀድሞው የሕክምና ታሪኩ፣ የማይስማማው መድኃኒት ሳይቀር፣ በአሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንዲሁ።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፤ የቤተሰቡ አጻጻፍ ነውና አይነካም። ከሱ ጎን ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ ይዘጋጃል፤ በዚህኛው ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይመለሳሉ፤ ከዚያም ድምፃቸው አንድ የሆነው ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይመለሳሉ። ፈላጊው የጻፈውም እንዲሁ ተለውጦ ይመሳከራል። ይህን ኦስሎ ወይም ባንጋሎር ያለ ሰው አስቦ አይሠራልንም፤ ችግሩ መኖሩንም አያውቅም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማር ልጅ ግን ያውቃል፤ እናቱ ካርድ ክፍል ስትመላለስ አይቷል። የመመረቂያ ሥራ ሲታሰብ ተማሪው ሁሉ ከዜሮ አዲስ ሲስተም ለመሥራት ይነሣል። ብዙው ከምረቃው ማግስት ይረሳል። አገር ሁሉ በሚጠቀምበት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ውስጥ የገባ አንድ የጠራ ፍለጋ ግን ልጁ ተመርቆ ከሄደም በኋላ ይሠራል። መምህራን እንዲህ ያለውን ሥራ ለመመረቂያ ቢቀበሉት ትልቅ ነገር ነው።

ኮድ የማይጽፍ ሰውም ድርሻ አለው። ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክቶች ስህተትን ማስታወቅ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚጠቅመውም በዝርዝር የተጻፈ ነው። «ቀኑ አይሠራም» የሚል መልእክት የትም አያደርስም። እንዲህ የተጻፈ ግን ያደርሳል፦ የሶፍትዌሩ እትም ይህ ነው፤ የተጠቀምኩት በአንድሮይድ ስልክ ነው፤ የተመረጠው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የልደት ቀን ላይ 28/02/1995 ስጽፍ ይቀበላል፤ 29/02 እና 30/02 ስጽፍ ልክ ያልሆነ ቀን ይለኛል፤ 30/03 ግን ይቀበላል፤ ወሮቻችን ሁሉ፣ ከጳጉሜን በቀር፣ 30 ቀን አላቸው። ይህን ያነበበ ፕሮግራመር ኢትዮጵያን ረግጦ ባያውቅም በ28 ላይ የቆመው ወር ፌብሩዋሪ መሆኑን ወዲያው ይረዳል፤ ኮዱ ውስጥ የት እንደሚፈልግም ያውቃል።

እርምቱ ጥቂት መስመር ሊሆን ይችላል። ከእርምቱ ጋር ግን አንድ ነገር አብሮ እንዲገባ መጠየቅ አለበት፤ ፕሮግራመሮች አውቶማቲክ ፈተና የሚሉት። አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት ኮምፒውተሩ ራሱ ጥቅምት 30ን፣ ጳጉሜን 6ን፣ መስከረም 31ን አስገብቶ የሚሞክርበት አጭር ኮድ ነው፤ የመጀመሪያውን ካልተቀበለ፣ ጳጉሜን 6ን ስድስት ቀን ባላት ዓመት ብቻ ካልተቀበለ፣ ወይም የመጨረሻውን ከተቀበለ እትሙ እንዳይወጣ ያስቆማል። ፈተናው ከገባ አዲሱን ገጽ የሚጽፈው ሰው ስለ እኛ አቆጣጠር ምንም ባያውቅ እንኳ ስህተቱ እሱ ጋ ይያዛል፤ ካልገባ ግን የታረመው በቀጣዩ አዲስ ገጽ ተመልሶ ይመጣል፣ ሠራተኛውም ደብተሩን እንደገና ያወጣል።